ሰባት የፍቅር ትዕይንት እና የላላ ሴራ፦ ከደሴ የተነሳ ጥያቄ፣ 21 ምላሾች

ጥያቄውን ያነሳችው ደሴን መቼት አድርጋ የትንሽ ከተማ የፍቅር ልቦለድ የምትጽፍ ደራሲ ናት። ረቂቋ 22 ምዕራፍ፣ ወደ 60,000 ቃል ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ትውልድ ከተማዋ የተመለሰች የ29 ዓመት ፋርማሲስት እና በፈረቃ የሚሠራ የ33 ዓመት የፋብሪካ መካኒክ ይዋደዳሉ። እሷ ደሴ ሙጋድ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይታለች፤ እሱ የሚኖረው ኮምቦልቻ ነው። ሳይድበሰበሱ የተጻፉ ሰባት የፍቅር ትዕይንቶች አሉ፣ በአማካይ እያንዳንዳቸው 1,800 ቃል። ረቂቁን ካነበቡላት ሰዎች ግማሾቹ ትዕይንቶቹን እየዘለሉ ታሪኩን ተከተሉ፤ ሌሎቹ ታሪኩን እየዘለሉ ትዕይንቶቹን ፈለጉ። ሁለቱም ወገኖች ግን ከ10ኛው ምዕራፍ በኋላ እንደሰለቻቸው ነግረዋታል። ስለዚህ ሁለት ነገር ጠየቀች፦ ስንት እጅ ስሜት፣ ስንት እጅ ሴራ ይሁን? የትኛው ትዕይንት በሩ ተከፍቶ ይታይ፣ የትኛውስ ደጃፍ ላይ ያብቃ? ረቂቁን አይተው ሰዎች የሰጧትን 21 ምላሽ በተራ እንያቸው።

1ኛው ምላሽ እህቴ ብሎ የሚጀምር፣ በመልካም ምኞት የሚያልቅ ጨዋ ምላሽ ነው። መላሹ የዘውጉን ሕግ አስቀደመ። የአሜሪካ የሮማንስ (የፍቅር ልቦለድ) ደራስያን ማኅበር ሮማንስን የሚለየው በሁለት ነገር ነው፦ የፍቅሩ ታሪክ ማዕከል መሆኑ፣ ፍጻሜውም ስሜትን የሚያረካና ተስፋ ያለው መሆኑ። ጥንዶቹ መጨረሻ ላይ ከተለያዩ ወይም አንዳቸው ከሞቱ ሥራው ግሩም ልቦለድ ሊሆን ይችላል፤ ሮማንስ ብሎ የገዛው አንባቢ ግን የፈለገውን አላገኘም። ከዚያ 22ቱን ምዕራፎች አከፋፈለላት፦ ትውውቅ በ1ኛው ወይም በ2ኛው፣ የመጀመሪያው መሳሳም በ5ኛው ወይም በ6ኛው፣ የመጀመሪያው ሙሉ ትዕይንት መሐል ላይ 10ኛው ወይም 11ኛው፣ መለያየት 17ኛው አካባቢ፣ እርቅ 20ኛው ወይም 21ኛው። ክፍፍሉ ልክ ነው። የእሷ ረቂቅም ይህንኑ ክፍፍል የያዘ ስለሆነ ግን መሰልቸቱ ከየት እንደመጣ አይነግራትም።

ይህን ያስተዋለው 2ኛው ነው። መስፈሪያና መቶኛ ትቶ አንድ ፈተና ሰጣት፦ ትዕይንቱን ሙሉ በሙሉ አውጥተሽ ቀጣዩን ምዕራፍ አንብቢ፤ ምንም ካልጎደለው ትዕይንቱ ሥራ አልነበረውም። ሥራ አለው የሚባለው ከሦስት አንዱን ሲያደርግ ነው። አንዳቸው ስለ ሌላው የማያውቁትን ካወቁ፣ አንዳቸው ለሌላው በቃል ወይም በውለታ ከታሰሩ፣ ወይም ሦስተኛ ሰው ነገሩን ካወቀ። የትንሽ ከተማ ፍቅር ሞተሩ ይህ ሦስተኛው ነው አለ። በእኔ ግምት ከምላሾቹ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ከታች የሚመጣው ክርክር ሁሉ ዞሮ ዞሮ ማን አወቀ ወደሚለው ጥያቄ ይመለሳል።

3ኛው መሰላል ይዞ መጣ። እንግሊዛዊው የእንስሳት አጥኚ ዴዝሞንድ ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1971 የጥንዶችን መቀራረብ በ12 ደረጃ ዘርዝሯል፦ ዓይን ወደ አካል፣ ዓይን ለዓይን፣ ድምፅ ለድምፅ፣ እጅ ለእጅ፣ ክንድ ትከሻ ላይ፣ ክንድ ወገብ ላይ፣ ከንፈር ለከንፈር፣ እጅ ጸጉር ላይ፣ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው። ደረጃ ሲዘለል አንባቢው ይደናቀፋል፤ እያንዳንዱ ደረጃ የራሱ ጊዜ ሲሰጠው ደግሞ ገና ሳይሳሳሙ ገጹ ይሞቃል። የረቂቁ ጥንዶች 5ኛው ምዕራፍ ላይ ከወሬ በቀጥታ ወደ መሳሳም ገብተዋል። መላሹ የተዘለሉትን ሦስት ደረጃዎች ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ለሚወርደው የሐረጎ መንገድ ስጪው አላት። ለሦስት በተሠራ የሚኒባስ ወንበር አራት ሰው ተቀምጦ ያን ጠመዝማዛ ሲወርድ ትከሻ ከትከሻ ሳይነካካ አይቀርም፤ መኪናው ሲያጋድል ማን ወዴት እንደተደገፈ፣ መንገዱ ሲቃናም ማን ቶሎ እንዳልተመለሰ መጻፍ ይበቃል።

4ኛው አረመው። ሞሪስ ያጠናው የሰውን ባሕርይ ነው፣ ለደራሲ መመሪያ አልጻፈም፤ ዝርዝሩን ወደ ልቦለድ ያመጡት የሮማንስ ጸሐፊዎች ናቸው። ቅደም ተከተሉም ለወሎ ሳይስተካከል አይሠራም። እኛ ዘንድ ለሚተዋወቁ ሰዎች ጉንጭ ለጉንጭ ሰላምታ፣ እጅ ለእጅ ተያይዞ ከመሄድ ይቀድማል። 2ኛው ምዕራፍ ላይ ጉንጭ ቢሳሳሙ የሚደነግጥ የለም፤ ፒያሳ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቢታዩ ግን እሷ ቤት ሳትገባ ወሬው ይቀድማታል። ገጸ ባሕርይዋ ጠበቅ ያለ ሙስሊም ቤት ውስጥ ያደገች ከሆነች ደግሞ እጅ መጨባበጡ ራሱ ደረጃ ይሆናል። እንግዲህ ደራሲዋ የራሷን መሰላል ትሥራ፤ በእያንዳንዱ እርከን አጠገብም ይህ ቢታይ በከተማው ምን ያስከፍላል የሚለውን ትጻፍበት። ይህ እርማት ከታረመው ሐሳብ ይልቅ ጠቅሟታል።

5ኛውን የጻፈችው የአርትዖት ሥራ የምታውቅ ሴት መሆኗ ከአነጋገሯ ያስታውቃል። ሁለት ነገር አነሳች፤ ሁለቱም በዚህ ቋንቋ ለሚጽፍ ሰው ወርቅ ናቸው። የመጀመሪያው መጠራሪያ ነው። ፋርማሲስቷና መካኒኩ ሲተዋወቁ አንቱ ይባባላሉ፤ 4ኛው ምዕራፍ ላይ ማንም ሳያስተውል አንተና አንቺ ሆነዋል። አንድ ሙሉ ትዕይንት እንደ ዋዛ ባከነ ማለት ነው። ማን ቀድሞ ወደ አንተ ተሻገረ? የት? ሌላው ተቀበለ ወይስ በአንቱታው ጸና? ከዚያ በኋላም በሰው ፊት አንቱ፣ ለብቻ አንተ መባባል ሲጀምሩ መጠራሪያው ራሱ የተደበቀ ነገር ይሆናል። አከራይዋ ባሉበት አንድ ቀን ከአፏ አንተ ቢያመልጣት፣ አልጋ ሳይጠቀስ ግቢው ሁሉ ይገባዋል።

ሁለተኛው የዓረፍተ ነገር ነገር ነው። ቀርቦ፣ እጇን ይዞ፣ ጸጉሯን ከፊቷ ገልጦ፣ ወደ ራሱ ስቦ፣ አቅፎ እያለ የሚሄድ የቦዝ አንቀጽ ሰንሰለት የሥራ ዝርዝር ይመስላል፤ የማን ልብ እንደመታ አይታወቅም። መድኃኒቱን በቁጥር ሰጠች፦ ከማሰሪያ አንቀጹ በፊት ከሁለት ቦዝ አትለፊ፤ ከሁለት ድርጊት በኋላ አንድ የስሜት ሕዋስ አስገቢ፣ ሽታ ወይም ቅዝቃዜ ወይም ድምፅ፤ ማሰሪያ አንቀጹ ደግሞ ከሁሉ የሚከብደውን ነገር ይሸከም። ግሱ ራሱ እሱና እሷን ስለሚለይ ተውላጠ ስሙን መደጋገም አያስፈልግም፤ ይህን ብቻ ማጥራት ከአንድ ትዕይንት ብዙ ቃል ይቀንሳል።

6ኛው የአካል ስም ጉዳይ ላይ ገባ። አማራጩ ሦስት ነው፦ የጤና ጣቢያ ቃል፣ የስድብ ቃል፣ ዘወርዋራ ቃል። የመጀመሪያው ያቀዘቅዛል፣ ሁለተኛው ገጸ ባሕርይዋን ያዋርዳል፣ ሦስተኛው ሲበዛ እሳት፣ ማዕበልና መብረቅ ብቻ ይሆናል። ከረቂቁ ሰባት ትዕይንቶች በአምስቱ እሳት ይነዳል። እሱ የሚመክረው አካሉን ከመሰየም ይልቅ በአካሉ ላይ ያለውን ነገር መሰየም ነው፦ ከትከሻ የተንሸራተተ ጋቢ፣ ከቧንቧ ውሃ የቀዘቀዘ እጅ፣ የማሽን ዘይት ያልለቀቀው ጥፍር፣ ከሁሉም በላይ የወይባ ጢስ። ወይባ የሞቀች ሴት ሽታው ከቆዳዋም ከልብሷም ቶሎ አይለቃትም። ያላገባች ተከራይ ቅዳሜ ማታ ወይባ ከሞቀች ደግሞ እሑድ ቡና ላይ የሚጠይቃት አይጠፋም። አንዱ ዝርዝር ሁለት ሥራ ሠራ፤ ትዕይንቱን አሞቀ፣ ለሴራውም ምስክር አስቀመጠ።

7ኛው ምስጋና ብቻ ነው። 8ኛው ታዲያ በሩን መዝጋት አይቀልም ወይ ብሎ ጠየቀ፤ በዚያው ምላሽ ግርጌ አርታኢዋ፣ 5ኛውን የጻፈችው፣ ተመልሳ መለሰችለት። በሩ ሲዘጋ ሸክሙ ወደ በፊቱና ወደ በኋላው ይዞራል እንጂ አይቀንስም። ከመዘጋቱ በፊት ያለው ገጽ ውጥረቱን ጫፍ ማድረስ አለበት፤ በማግስቱ ያለው ገጽ ደግሞ የተለወጠውን ማሳየት አለበት። በረቂቁ ውስጥ በማግስቱ የሚባል ነገር ጨርሶ የለም፤ ሰባቱም ትዕይንቶች ምዕራፍ መዝጊያ ላይ ያልቃሉ፣ ቀጣዩ ምዕራፍ ከሦስት ቀን በኋላ ይጀምራል። እዚህ ላይ መሰልቸቱ ከየት እንደመጣ ተገኘ።

እስከዚህ ድረስ ሰው ሁሉ እየተከባበረ ነበር። 9ኛው ሰላምታ ሳያቀርብ ገባ። ደሴ ትንሽ ከተማ ናት ያለሽ ማነው አላት። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ እንኳ ነዋሪዋ ከመቶ ሺህ በላይ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ያላት፣ የአውራ መንገድ ከተማ ናት። ሁሉ ሰው ሁሉን የሚያውቅበት መቼት ከፈለግሽ ታሪኩን ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ውጫሌ ውሰጂው ብሎ፣ ደራሲዋ የምትጽፈውን ከተማ በእግሯ የዞረች አትመስልም ብሎ ደመደመ። የመጨረሻው አባባል አላስፈላጊ ነበር፤ ጥያቄው ግን ተገቢ ነው።

10ኛው በዚያው ኃይል መለሰለት። ከተማ የምትለካው በነዋሪዋ ብዛት ሳይሆን አንቺን በሚያውቅሽ ሰው ብዛት ነው፤ ሙጋድ፣ አራዳ፣ ሰኞ ገበያ እያንዳንዳቸው ለሚኖርባቸው ሰው ትንሽ ከተማ ናቸው አለ። ከዚያ ወደ ሥራው ገባ። ተመላላሽ ገጸ ባሕርያትን ከ10 እስከ 12 አድርጊ፤ ለእያንዳንዳቸው ወሬ የሚያገኙበትንና የሚያደርሱበትን መንገድ ስጪ። ባለ ሱቁ በዱቤ መዝገቡ፣ ልጅቷ ለአንድ ሰው የምትገዛው ዳቦ ለሁለት ሲሆን ያውቃል። የባጃጁ ሾፌር ሌሊት ማንን የት እንዳደረሰ ያውቃል። የእድሩ ጸሐፊ ለቅሶ ላይ ማን ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ ያያል። የአሜሪካኖቹ ትንሽ ከተማ ልቦለዶች ተከታታይ ሆነው የሚዘልቁት አንዱ መጽሐፍ ላይ ዳር የነበረው ሰው ቀጣዩ ላይ ባለታሪክ ስለሚሆን ነው፤ ስለዚህ ከ12ቱ ሁለቱን ያላገቡና ያልተቋጨ ታሪክ ያላቸው አድርገሽ አስቀምጪ። ከባዱ ክርክር ያፈራው ፍሬ ይህ ነው።

11ኛው ካርታውን አስተካከለ። ረቂቁ ውስጥ ጀግናዋ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጥታ ደሴ ትደርስና፣ መንገዱ ሲቀጥል ኮምቦልቻን በመስኮት ታያለች። የሚሆን አይደለም፤ ከአዲስ አበባ ሲመጣ የምትቀድመው ኮምቦልቻ ናት፣ ሐረጎን ወጥቶ ነው ደሴ የሚገባው። በአውሮፕላን ብትመጣም የምታርፈው ኮምቦልቻ ነው። ስህተቱ ሲቃና የተሻለ ትውውቅ ይወልዳል፦ መካኒኩ ኮምቦልቻ ላይ ይሳፈር፣ የቀረው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የ1ኛው ምዕራፍ ጊዜ በዚያ ተወሰነ። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው በ2009 ዓ.ም. መሆኑንም አስታወሰ፤ ታሪኩ ከዚያ በፊት የሚካሄድ ከሆነ ሰውየውን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ ማሠራት ይሻላል። የከፍታው ልዩነት ከ600 ሜትር በላይ ነውና ኮምቦልቻ በሸሚዝ የወጣ ሰው ደሴ ሲደርስ ይበርደዋል፤ ልብስ መዋዋስ፣ ሹራቡን ሳይመልስ መቅረት፣ ሹራቡ በሌላ ሰው ዓይን መለየቱ፣ ሦስቱም ከአየር ንብረቱ በነጻ የሚገኙ ናቸው።

12ኛው ላይ ልቆይ፤ ብዙ አንባቢ አመስግኖበታል፣ ይገባዋልም። መላሿ ሰባቱም ትዕይንቶች የሚካሄዱት በልጅቷ የኪራይ ክፍል መሆኑን አይታ፣ ክፍሉ ግን እንደ ሆቴል ክፍል ተጽፏል አለች። ከዚያ ግቢውን ራሱን ሣለችው። አንድ የብረት በር አለ፣ ማታ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ የሚቆልፉት አከራይዋ ናቸው፤ ቁልፉ ከእሳቸው ጋር ነው። ውሻ አለ። አንድ ቧንቧ አለ። መጸዳጃው የጋራ ነው፣ ከግቢው ጥግ፣ ለመድረስ በሦስት በር ፊት ማለፍ ያስፈልጋል። ጫማ ደጃፍ ላይ ይቀራል። ቤቱ የጭቃ ሆኖ በልስን ተለስኗል፤ ጎረቤት ክፍሎቹን የሚለየው ግድግዳ የሚያበቃው ኮርኒሱ ጋ ነው፣ ከአቡጀዲው ኮርኒስ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ግን እስከ ቤቱ ጫፍ ድረስ አንድ ነው። ስለዚህ ድምፅ በግድግዳው ሳይሆን በላይ በኩል ያልፋል፤ ሹክሹክታ ሳይቀር። እንዲህ ባለው ቤት አንድ ወንድ እንዴት ገባ፣ እንዴት አደረ፣ በስንት ሰዓት ወጣ? የመጀመሪያው ሚኒባስ ከመነሳቱ በፊት የት ቆየ? የጠዋት ፈረቃ ካለው በሩ እስኪከፈት ከጠበቀ ይቀርበታል፤ አከራይዋን ከቀሰቀሰ ደግሞ ይታያል።

ከዚያ አራት ትዕይንቶችን በቦታ ብቻ እንዲለያዩ አድርጋ ሠራችላት። አንደኛው ፋርማሲው ውስጥ፣ መዝጊያው ወርዶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ከውጭ መድኃኒት ፈላጊ ሲያንኳኳ፤ ከመሳሳም የማያልፍ። ሁለተኛው ኮምቦልቻ በእሱ ቤት፣ ማንም በማያውቃት ሰፈር፣ ሙሉና ረጅም፤ እዚህ ድምፅ መቆጠብ የለም፣ ልጅቷ የራሷን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሰማው እዚህ ነው። ሦስተኛው ሙጋድ፣ በኮርኒሱ ሥር፣ ዝምታው ራሱ የሚያግል። አራተኛው ከእርቁ በኋላ፣ አጭር፣ በሩ ሳይቆለፍ። አንባቢ የሚሰለቸው ትዕይንት ስለበዛ አይደለም፣ ያንኑ ትዕይንት ደግሞ ስላነበበ ነው፤ ይህ አከፋፈል ያንን በደንብ ያሳያል።

13ኛው ለሦስተኛው ትዕይንት ክረምቱን ጨመረበት። ሐምሌና ነሐሴ ደሴ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች እንኳ አይሰማሙም፤ ለጥንዶቹ ከዚህ የተሻለ መጋረጃ የለም። ዝናቡ ድንገት ሲያባራ ግን የተጀመረው ዓረፍተ ነገር መሐል ላይ ጮክ ብሎ ይቀራል። አከራይዋ የሰሙት ያን አንድ ቃል ይሁን። መላሹ ይህን ብሎ ዝናቡ ከማባራቱ በፊት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ላላ ማለቱን አስቀድሞ መጻፍ እንደሚያስፈልግ አሳሰበ፤ ያለ ንግር የመጣ እንደሆነ አንባቢው የደራሲውን እጅ ያያል።

14ኛው ከመንገድ ወጣ፤ ጥንዶቹ ሐይቅ ወርደው ዓሣ ይብሉ ብሎ፣ የተጠበሰው ይሻላል ወይስ ጉላሹ የሚል ክርክር ከፈተ። ብዙ ሰው ገባበት። ከዚያ ውስጥ የሚጠቅመው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዓሣ በእጅ ሲበላ እሾህ እየለቀሙ መጉራረስ ከመሳሳም የማይተናነስ ቅርበት ነው፣ ያውም በአደባባይ የሚፈቀድ።

15ኛው ዓሣውን አስቁሞ ከበድ ያለ ነገር አመጣ። 11ኛው ምዕራፍ ላይ ልጅቷ ሦስት ጊዜ እምቢ ትላለች፣ ሰውየው ያልሰማ መስሎ ይቀጥላል፣ ትዕይንቱም እንደ ፍቅር ተጽፏል። መላሿ ይህን በግልጽ አወገዘች፤ ይህ ፍቅር አይደለም፣ የዘውጉ አንባቢም ዛሬ እንዲህ ያለውን ጀግና ጀግና አይለውም አለች። 16ኛው የባህላችን ማሽኮርመም እንዲህ ነው፣ እምቢታው ጨዋነት ነው ሲል ተከራከራት። ሦስት አራት ሰዎች በአንድ ጊዜ ተነሱበት፤ አንዳንዱ አንተ አንቺ እየተባባለ ወደ ስድብ ቀረበ። እኔ ከ15ኛዋ ጋር ነኝ። እፍረትን ማሳየት ይቻላል፣ እፍረትና እምቢታ ግን በገጹ ላይ ሊቀላቀሉ አይገባም። የሰጠችው መፍትሔም ቀላል ነው፦ ወሳኙን ድርጊት እሷ ታድርገው። መቀርቀሪያውን የምትወረውረው እሷ ትሁን፣ ወደ ኮምቦልቻ የምትሳፈረው እሷ ትሁን፣ እሱ ሲያመነታ የምትናገረው እሷ ትሁን። እንዲህ ሲሆን ትዕይንቱ ይግላል እንጂ አይበርድም፤ ሴራውም ያተርፋል፣ ምክንያቱም በኋላ ወሬው ሲመጣ ውሳኔው የራሷ ስለነበር የምትሸሸግበት ቦታ የላትም።

17ኛው ስለ ቴሌግራም ነበር። ልቦለዱ በክፍል በክፍል እዚያ ቢወጣስ ለሚለው ስሌቱን ሠራ። አንድ የጽሑፍ መልእክት 4,096 ፊደላትና ምልክቶች ይይዛል፣ ከሥዕል ጋር ሲሆን 1,024 ብቻ፤ በአማርኛ 4,096 ማለት 700 ቃል ገደማ ነው። 60,000 ቃል ወደ 86 ክፍል ይሆናል ማለት ነው። እያንዳንዱ ክፍል ልብ ሰቀላ ስለሚፈልግ ጸሐፊው በየክፍሉ ስሜት እየጨመረ ይሄዳል፤ 30ኛው ክፍል ላይ ሲደርስ የሚጨምረው ነገር ያልቅበታል። ስለዚህ የመዝጊያውን መንጠቆ በሦስት ዓይነት እያፈራረቁ መጠቀም ይሻላል፦ አንዴ ስሜት፣ አንዴ ምስጢር፣ አንዴ ውሳኔ። ለወረቀት ኅትመት ደግሞ በአንድ ገጽ 250 ቃል ቢታሰብ 240 ገጽ ነው፤ ወረቀቱ በ16 በ16 ገጽ ስለሚታጠፍ 15 እጥፍ ወረቀት ይሆናል፣ ቅነሳውም በዚያው ልክ ቢታሰብ ባዶ ገጽ አይተርፍም።

18ኛው ሕጉን አነሳ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 640 ጸያፍ የሆኑ ጽሑፎችን ማሳተምና ማሰራጨት ይከለክላል፤ ሕጉ ግን ንጹሕ የኪነ ጥበብና የሥነ ጽሑፍ ባሕርይ ላላቸው ሥራዎች የተለየ ቦታ ይሰጣል። እንግዲህ ትዕይንቶቹ ለሥነ ጽሑፍ ሥራው የግድ አስፈላጊ መሆናቸው ደራሲዋን ሊጠብቅ የሚችል ነገር ነው። የገጸ ባሕርያቱ ዕድሜ አዋቂነታቸው በማያጠራጥር መልኩ በመጀመሪያዎቹ ገጾች ይገለጽ፤ ሽፋኑም ለአዋቂ መሆኑን ይናገር።

19ኛው የቀን መቁጠሪያ ይዞ ቀረበ፣ እኔም ይህን ሳነብ ተደስቻለሁ። ረቂቁ ውስጥ ከትዕይንቶቹ አንዱ ሕማማት ላይ ወድቋል፤ ልጅቷ ደግሞ የምትጾም ተብላለች። ብዙ አንባቢ መጽሐፉን እዚያ ላይ ይዘጋዋል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ የገና ጾም አለ፣ ረቡዕና ዓርብ ሳይቆጠሩ። የሰውየው ቤተሰብ ሙስሊም ከሆነ ረመዳንም ይታሰባል። ወሎ ውስጥ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ቤት መኖሩ እንግዳ ነገር ስላልሆነ የሃይማኖት ልዩነት ብቻውን ለመለያየት ምክንያት አይሆንም፤ ዝርዝሩ ግን ይሆናል። በግ ሲታረድ ማን ይባርክ? ልጅ ቢወለድ ስሙን ማን ያወጣል? አንዳቸው ሲጾሙ ሌላው ምን ያበስላል? ጾሙን እንደ እንቅፋት ሳይሆን እንደ ውጥረት መጠቀም ይቻላል፤ የ55 ቀን መታቀብ ከማንኛውም ትዕይንት ይልቅ ገጽ ያሞቃል። የ13ኛውን የነሐሴ ዝናብ ከፍልሰታ ማውጣት እንደሚያስፈልግም አስተዋለ፤ ወደ ሐምሌ ቢገፋ ይበቃል።

20ኛው አጭርና ከባድ ነበር። ታሪኩ ዛሬ የሚካሄድ ከሆነ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ መግባቱን ከተማው አልረሳም፤ ከዚያ በኋላ የሚጻፍ ጥንድ ያን ጊዜ የት እንደነበረ ማወቅ አለበት። ነገር ግን ያን መከራ ጥንዶቹን ለማለያየት ብቻ አምጥቶ በሁለት ገጽ ማለፍ ነውር ነው። ወይ ከ3ኛው ምዕራፍ ጀምሮ ክብደቱ ይሰማ፣ ወይ ታሪኩ ከ2014 በፊት ይሁን። የተከራከረው ሰው አልነበረም።

21ኛው የደራሲዋ ነው። የተሳደቡትን ትታ የሠሩትን ወሰደች። ሰባቱ ትዕይንቶች አራት ሆኑ፣ በ12ኛው ምላሽ አከፋፈል፤ በድምሩ 12,600 የነበረው ቃል 5,400 ላይ ቆመ። ረጅሙ የኮምቦልቻው ነው፤ አጭሩ የመጨረሻው፣ በሩ ሳይቆለፍ የሚሆነው። ከተደጋገሙ ንግግሮች ሌላ 800 ቃል ወጣ፤ መጽሐፉ 52,000 ቃል፣ 208 ገጽ፣ 13 እጥፍ ወረቀት ሆነ። 11ኛው ምዕራፍ እንደ አዲስ ይጻፋል፣ መቀርቀሪያው በእሷ እጅ። ዘመኑን 2008 አድርጋ ሰውየውን ወደ ጨርቃ ጨርቁ ወሰደችው። አንድ ነገር ብቻ ሳትወስን ቀረች፤ መዝጊያው ላይ ያለው ሠርግ ከጥምቀት በኋላ ሁዳዴ ሳይገባ ይሁን ወይስ ከፋሲካ በኋላ። ሽምግልናው ገና ታኅሣሥ ላይ ስለሆነ የመጀመሪያው ጠበባት፤ 19ኛው ሰው የ2008ን ቀን መቁጠሪያ እንዲያይላት ጠይቃዋለች።